የተወለወለው ጠረጴዛ

የእትዬ ቀስን ትክክለኛ ስም የሚያውቅ ሰው በሙዚየሙ ውስጥ ቢፈለግ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሱም ቢሆን የሚያስታውሰው በወር አንዴ ነው። ስሙን ያወጡላት የክረምት ተለማማጆች ናቸው። ዕቃ ሲያነሱ «ቀስ!»፣ በር ሲከፍቱ «ቀስ!»፣ ደረጃ ሲወርዱ «ቀስ!» እያለች መቀመጫ መቆሚያ ብታሳጣቸው፣ አንዱ ተማሪ «እትዬ ቀስ» አላት። ተማሪው ክረምቱን ጨርሶ ሄደ፤ ስሙ ግን ቀረ። እሷም አልተቀየመችም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» ትላቸዋለች፤ «የእኛ ዕቃ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።» ይህን ስትል አትስቅም።

ሙዚየሙ ትልቅ አይደለም። ድሮ የውሃ ክፍያ የሚሰበሰብበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር፤ ገንዘብ ይቀበሉበት በነበረው መስኮት ዛሬ ትኬት ይቆረጥበታል። ውስጡ ዘውድም ጋሻም የለም። ያለው የከተማው ሰው ሠርቶ የኖረበት ዕቃ ነው፤ የፀጉር አስተካካይ ወንበር፣ የትምህርት ቤት ደወል፣ ጫፉ የተቃጠለ የዳቦ ቤት አካፋ፣ የአዋላጅ ቦርሳ። «ይሄ ደግሞ ምኑ ይታያል?» የሚል ጎብኚ መቼም አይጠፋም። እትዬ ቀስ እንዲህ ያለውን ሰው አትሟገተውም። ወደ አዋላጇ ቦርሳ ወስዳ «የየት ሰፈር ልጅ ነህ? እናትህስ ማን ይባላሉ?» ትለዋለች። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ያበቃል።

እሷ ራሷ እዚያ ቤት የገባችው በተማሪነቷ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለክረምት ተማሪ እየከፈለ ያሠራል ሲባል ሰምታ ተመዘገበች፤ ለታሪክ ፍቅር ሳይሆን ለክፍያው እንደነበር አትደብቅም። በመጀመሪያው ደመወዟ ለእናቷ መነጽር ገዛች። እናቷ መነጽሩን ሰክተው ቀድመው ያዩት የልጃቸውን ጥፍር ነበር። «ለዚህ ነው የሚከፍሉሽ? አቧራ ለማራገፍ? የእኛ ቤት አቧራ ምን አነሰውና ነው?» አሉ። ታላቅ እህቷ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ትስቃለች። ክረምቱ ሲያልቅ ሌሎቹ ተማሪዎች ዞር ብለው ሳያዩ ሄዱ፤ እሷ ትምህርቷን ጨርሳ ተመልሳ መጣች። ባል አገባች፣ ባል ቀበረች፣ ልጅ ሳይኖራት ከእህቷ ጋር አንድ ቤት ገባች፤ ሥራዋ ግን ያው ነው።

ለተማሪዎቹ እንዲከፈል በየዓመቱ የምትሟገተውም እሷ ናት። ዳይሬክተሩ «ልምዱ ራሱ ክፍያ ነው» ባላት ቁጥር መልሷ አንድ ነው። «ያልተከፈለው ልጅ ዕቃውን በሁለት ጣት ነው የሚይዘው፤ የተከፈለው በሁለት እጁ።» ፊት ለፊት «እርስዎ» ትለዋለች፤ ዞር ሲል ግን «ይሄ ልጅ» ነው።

የቤቱ ሕግ ብዙ ቢሆንም ዋናው ክር ነው። ወደ ማከማቻው የሚገባ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ ይጸዳል፤ አቧራ ብል ይጠራል፣ አንድ የበላው እንጨት ደግሞ መቶውን ያስበላል። እንዳይነካ የተፈለገ ዕቃ ካለ እትዬ ቀስ በገዛ እጇ ቀይ ክር ታስርበታለች። ክር የታሰረበትን እንኳን ውሃ፣ ትንፋሽም አያገኘውም። ክር የሌለው ይጸዳል። ተለማማጅ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው ይህንን ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን ይዞ ይሄዳል።

በአንድ ክረምት መግቢያ የልብስ ሰፊው ባልቴት ወደ ሙዚየሙ መጡ። ባለቤታቸው፣ ሰፈሩ «ጋሼ ልክ» የሚላቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰፉ ኖረው፣ ሁለት ዓመት ይሆናቸዋል፣ አንድ ቀን ለምሳ እንደወጡ መንገድ ላይ ወድቀው ቀሩ። አሁን ሱቁ ሊፈርስ ነው። ባልቴቷ መቁረጫ ጠረጴዛውን የሚያስቀምጡበት ቤት የላቸውም፤ ማገዶ እንዲሆን ደግሞ አንጀታቸው አልቻለም።

እትዬ ቀስ ጠረጴዛውን ለማየት ሱቁ ድረስ ሄደች። ጋሼ ልክ ጨርቅ ከመንካታቸው በፊት የልብሱን ቅርጽ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ የመሣል ልማድ ነበራቸው። «ጨርቅ ከተቆረጠ አይመለስም፤ ጠመኔ ግን ይጠፋል» ይሉ ነበር አሉ። የሞቱ ዕለት የሣሉት ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው፤ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ሰፊ ኮሌታ። የሴት ካፖርት ነው።

«የኔ ነው» አሉ ባልቴቷ። «ዕድሜውን ሁሉ ለሰው ሲሰፋ እኔን 'ያንቺን ነገ' እያለ ሸነገለኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ከቤት አስጠርቶኝ ለካኝ። እስከ ምሳ ይሄን ሲሥል ቆየ። ከምሳ መልስ ጨርቁን ሊቆርጥ ነበር።»

እትዬ ቀስ የሟች ባሏ ሹራብ ትዝ አላት።

«ጠመኔው እንዳይነካ ነው የምለምንሽ» አሉ ባልቴቷ። «እሱ ከተነካ ጠረጴዛው ምን ያደርግልኛል?»

«እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም» አለች እትዬ ቀስ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ጠረጴዛውን ፎቶ አነሳችው፤ ከዚያ ተንበርክካ አንደኛው እግሩ ላይ ቀዩን ክር ሁለት ጊዜ ቋጥራ አሰረች።

ጠረጴዛው በመጣበት ቀን እሷ ማዘጋጃ ቤት ነበረች፤ ለተማሪዎቹ ክፍያ ስትከራከር። ተሸካሚዎቹ ላዩ ላይ የካርቶን ሽፋን ደፍተው፣ ጠመኔው ሳይነካ፣ በጥንቃቄ አመጡት። ግን የጽዳቱ ክፍል በር ጠበበ። አናጢው ተጠራ። አናጢ ደግሞ በር ሲጠብበው የሚያደርገውን አደረገ፤ እግሮቹን ፈትቶ በሚቀጥለው ክፍል ግድግዳ ላይ አስደገፋቸው፣ የላዩን ሰሌዳ ብቻ አስገብቶ የጽዳቱ መደብ ላይ አስተኛውና ሽፋኑን ይዞ ወጣ።

በጽዳቱ ክፍል የነበረችው «መሐንዲሷ» ናት። የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ስለሆነች ነው ስሙ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ የምትኖረው አጎቷ ጋ ሲሆን ይህ ሥራ ባይኖር ክረምቱን የምታሳልፈው አጎቷ የመለዋወጫ መደብር ውስጥ ብሎን ስትቆጥር ነበር። ከዚያ ዓመት ተለማማጆች ሁሉ እትዬ ቀስ «ቀስ!» ማለት ያቆመችላት እሷን ብቻ ነው። መሐንዲሷ እንደተማረችው ሰሌዳውን ዞራ ፈተሸችው። ጎንበስ ብላ ከሥሩም አየች። ክር የለም። ብሩሽ አነሳች፣ ቀጥሎ እርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ደረቅ።

እትዬ ቀስ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ክፍያው ተፈቅዶላት ደስ ብሏት ነበር። ገና ከበሩ ላይ ልጅቷ «እትዬ፣ ይኸው ጨረስኩት» አለቻት።

ጠረጴዛው ያበራል። እትዬ ቀስ ቀስ ብላ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ጠመኔ ነበረበት» አለች።

«አዎ፣ ብዙ ነበር። እንደ ክፍል ሰሌዳ ሳይጠፋ የቀረ መስሎኝ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ አነሳሁት። ምንም አልጫርኩትም።»

«ክሩስ?»

«የምን ክር? ዞሬ አየሁት እኮ፤ ከሥሩም አየሁ።» ልጅቷ የእትዬ ቀስን ፊት ስታይ ድምጿ ተሰበረ። «ምን አጠፋሁ?»

እትዬ ቀስ ተነስታ ወደሚቀጥለው ክፍል ገባች። አራቱ እግሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። በአንደኛው ላይ ቀዩ ክር፣ እሷ እንዳሰረችው፣ ሁለቴ ተቋጥሮ ነበር። ልትጮህ ፈለገች፤ ግን በማን ላይ? አናጢው በር ጠበበው። ልጅቷ ሕግ አክብራለች፤ ሕጉም የእሷው የእትዬ ቀስ ነው። ሌላውን ሁሉ ቀስ በሉ ስትል የኖረች ሴት፣ ክሩን ተፈትቶ ሊሄድ የሚችል ነገር ላይ አስራለች።

ነገሩን ስትነግራት ልጅቷ መጀመሪያ «ያባርሩኛል?» አለች። ወዲያው ደግሞ ራሷን በማስቀደሟ አፍራ ፊቷን በጓንቷ ሸፈነች።

ዳይሬክተሩ ወሬውን ከአናጢው ሰምቶ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ፈሪ ደግሞ መፍትሔ አያጣም።

«ፎቶው አለ አይደል፣ እትዬ?»

«አለ።»

«ልጅቷም እጇ ጥሩ ነው። ትሣለዋ። ጠመኔ ያው ጠመኔ ነው።»

«የእሳቸው እጅ ግን አይደለም።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ፣ ልጅቷ ታውቃለች፣ ይኸው እርስዎም ያውቃሉ።»

ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሴትየዋ አቤት ቢሉ ማዘጋጃ ቤቱ ምን እንደሚል ልንገርዎት? 'ተማሪ አምጥታችሁ የሰው ንብረት አጠፋችሁ' ነው የሚለው። ከዚያ ወዲያ የክረምት ተለማማጅ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ያስፈቀዱት ክፍያ የመጨረሻው ይሆናል። ልጅቷም በዚህ ስም ነው የምትሄደው። ያስቡበት።»

እትዬ ቀስ «አይሆንም» ማለት ነበረባት። አላለችም። ቦርሳዋን አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

እራት ላይ እህቷ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም። ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ የሰው ዝምታ መስመር የተበላሸ ያህል ያስጨንቃታል። «ምነው ሳህኑን እንዲህ የምታዪው፣ እሱንም ልትመዘግቢው ነው?» አለች። እትዬ ቀስ አልሳቀችም፤ ሁሉንም ነገረቻት። ባልቴቷ በማግስቱ ጠረጴዛው ደህና መግባቱን ሊያዩ እንደሚመጡም ነገረቻት።

እህቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የባልሽን ሹራብ ከበሩ ጀርባ ሰቅለሽ የኖርሽበት ጊዜ ትዝ ይልሻል?»

«ይለኛል።»

«ቆሽሿል ብዬ ሳጥበውስ ምን አደረግሽኝ?»

«ሳምንት ሙሉ አላናገርኩሽም።» ሹራቡ ከታጠበ በኋላ የሳሙና ሽታ ብቻ ነበረው።

«እንዳጠብኩት ባልነግርሽስ ኖሮ? እሱን የመሰለ ሌላ ገዝቼ እዚያው ብሰቅልልሽስ?»

እትዬ ቀስ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋችው። «አብሬሽ አልኖርም ነበር» አለች።

«እንግዲህ መልሱን ከእኔ አትጠብቂ። ሐሰት ለስንቅ ይሆናል እንጂ ለቤት አይሆንም። ብይ አሁን።»

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ቀስ የጽዳቱን ክፍል ስትከፍት ልቧ ዘለለ። ጠመኔው ተመልሷል። ትከሻው፣ እጅጌው፣ ሰፊው ኮሌታ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ለአንዲት አፍታ ትናንት የሚባል ቀን ያልነበረ መሰላት፤ ደስታዋም እውነተኛ ነበር። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን መሐንዲሷን አየቻት። ጣቶቿ በጠመኔ ነጥተዋል፣ ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ማታ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ዳይሬክተሩ ጠሩኝ» አለች ልጅቷ። «ካስተካከልሽው ማንም አያነሳብሽም አሉኝ። ጎህ ሲቀድ መጥቼ ከፎቶው እየለካሁ ሣልኩት። ልኩ አንድም ቦታ አልተዛነፈም።»

እትዬ ቀስ ጎንበስ ብላ አየችው። በእርግጥ አልተዛነፈም። ግን ጋሼ ልክ ትከሻው ላይ ሲደርሱ ተሳስተው፣ በአውራ ጣታቸው አጥፍተው እንደገና የሣሉበት አንድ ቦታ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ አይታዋለች። የልጅቷ መስመር ግን አንድም ቦታ አላመነታም።

«እጅሽ ጥሩ ነው፣ ልጄ» አለች። «እሳቸው ግን የሉበትም። ጥረጊው።»

«አልችልም» አለች ልጅቷ። «ሁለተኛ እዚህ ላይ ጨርቅ አላሳርፍም። ከፈለጉ ያባርሩኝ።»

እትዬ ቀስ ጨርቁን ራሷ አነከረች። ከዳር ጀምራ ትከሻውን፣ እጅጌውን፣ ኮሌታውን ወለወለችው። ጠመኔ እንዴት በቀላሉ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ገባት፤ ክንድ እንኳ አያደክምም። ልጅቷን ለምን እንዳልተቆጣቻትም ያን ጊዜ ገባት። ሁለቱም ሲያለቅሱ ነበር።

ባልቴቷ ረፋዱ ላይ ቦርሳቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ደረሱ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና እትዬ ቀስ ከክሩ ጀመረች፤ የት እንዳሰረችው፣ እግሩ እንዴት እንደተፈታ። የጠዋቱንም አልደበቀችም። አጋማሽ ላይ ልጅቷ «እኔ ነኝ የወለወልኩት» ብላ አቋረጠቻት።

ባልቴቷ ወደ ሰሌዳው ቀረብ ብለው መዳፋቸውን አሳረፉበት፤ ትከሻው በነበረበት በኩል።

«አላልኩሽም ነበር?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ብለውኛል።»

«ቃል አልገባሽልኝም?»

«ገብቻለሁ።»

«ፈርሚልኝ አላልኩም። ዓይንሽን አይቼ ነው ያመንኩሽ።»

እትዬ ቀስ ሥራ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ እንደዚያ ቀን ያፈረችበት ቀን የለም። ይቅርታ የሚለው ቃል አነሰባት።

ባልቴቷ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «በምንድን ነው የወለወልሽው?»

«በእርጥብ ጨርቅ» አለች ልጅቷ፣ ድምጿ በቅጡ ሳይሰማ። «ከዚያ በደረቅ።»

«በእርጥብ፣ ከዚያ በደረቅ» ብለው ደገሙት። ወንበር ሳይሉ የመደቡን ጠርዝ ተደገፉ። «እሱም እንደዚያ ነበር። ማታ ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት። ጠመኔ ያለበት ጠረጴዛ ትቶ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ 'የዛሬው ለዛሬ' ነው የሚለው። የዚያን ቀን ብቻ ነው ሳይወለውል የቀረው። እኔ ልወልውልለት ስንት ጊዜ ጨርቅ አነሳሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቁን እከፍታለሁ፣ አየዋለሁ፣ እዘጋለሁ። ያ ቀን አልመሽልኝ አለ።»

እንባቸው ወረደ፤ አላበሱትም። «ይኸው አሁን መሸ» አሉ።

ሲወጡ ልጅቷን በትከሻዋ ያዙ። «አንቺ የሱን ሥራ ነው የሠራሽለት። አታልቅሺ።» እትዬ ቀስን ግን አልያዟትም። «አንቺን ይቅር ብያለሁ ብል ውሸቴን ነው። ገና ነው» አሉና ሄዱ። እትዬ ቀስ እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ ፍርዱ ትክክል መስሎ ታያት።

አቤቱታ አልመጣም። ዳይሬክተሩ ለብዙ ቀን ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጥ ነበር፤ ኋላ ተወው። መሐንዲሷ ክረምቱን ጨረሰች። ተለማማጆቹ በየዓመቱ የክረምት መጨረሻ ላይ አንድ ዐውደ ርዕይ ያዘጋጃሉ። ጠረጴዛው እግሩ ተገጥሞለት መካከል ላይ ሲቆም መግለጫውን የጻፈችው እሷ ናት። የማን እንደነበር፣ ላዩ ላይ ለሚስታቸው የተሣለ ካፖርት እንደነበረና ሙዚየሙ በስህተት እንደወለወለው ጻፈች። ዳይሬክተሩ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሊያስወጣ ሞከረ። እትዬ ቀስ «ይሄ ካልተጻፈ እኔም አልኖርም» ስትለው ተወው፤ በዚያ ቀን «እርስዎ» ማለቱንም ረስታው ነበር።

በመክፈቻው ቀን ባልቴቷ ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ጥበቃው መብራት ሊያጠፋ ሲል መጡ። ካፖርት ለብሰዋል። ጨርቁ ሳይቆረጥ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ ለሌላ ሰፊ ሰጥተውት ነበር።

«ጠመኔው እያለ ጨርቁን ለሌላ እጅ መስጠት ክህደት ይመስለኝ ነበር» አሉ። እጃቸውን ዘረጉ። «እጅጌው ረዝሞብኛል። ጋሼ ልክ ቢያየው ይስቅብኝ ነበር።»

«ያምርብዎታል» አለች እትዬ ቀስ።

ባልቴቷ ከካፖርቱ ኪስ ሁለት ጨርቅ አወጡ፤ አንዱ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ። «አይንኩ» የሚለውን ገመድ አንስተው ወደ ጠረጴዛው አለፉ። ጥበቃው ሊያስቆማቸው ሲንደረደር «ቀስ!» አለችው እትዬ ቀስ፤ ቆመ። ባልቴቷ ምንም የሌለበትን ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር በእርጥቡ ወለወሉት፣ ከዚያ በደረቁ። ሲጨርሱ ጨርቆቹን አጣጥፈው ለእትዬ ቀስ ዘረጉላት።

«ከነገ ጀምሮ አንቺ ነሽ» አሉ። «ማታ ማታ ነው፣ ከመዝጋታችሁ በፊት።»

እትዬ ቀስ ጨርቆቹን በሁለት እጇ ተቀበለች። «ቃል እገባልዎታለሁ» ልትል ጀመረች።

«ቃል አትግቢልኝ» አሉ ባልቴቷ። «ወልውይው ብቻ።»